ጳጉሜን የሌለው ኮምፒውተር

ካርቱም ውስጥ ቀን ይጠፋል። ዓርብ እሑድ ይመስላል፤ እሑድ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሮጥ ሰኞ ሆኖ ያርፋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካላንደር በአንድ ጎኑ የፈረንጅ፣ በሌላው የሂጅራ ወር ይቆጥራል እንጂ ስለ ግንቦትና ስለ ኅዳር የሚያውቀው ነገር የለም። በአል-ማንሺያ ሰፈር ትላልቅ ቪላዎች ውስጥ ከዓርብ እስከ ዓርብ ደጅ ሳይረግጡ የሚሠሩት የኛ ልጆች ሚካኤል መቼ እንደዋለ፣ ጾም መቼ እንደሚገባ ሲምታታባቸው ታዲያ አንድ መፍትሔ ነበራቸው። ቆሻሻ ሊደፉ ሲወጡ ጎራ ብለው ከቪላዎቹ የአንዱን ባለቤት የሲት ሱዓድን በር የሚጠብቀውን ያረጋልን መጠየቅ ነው።

ያረጋል ጋፊር ነው፤ እዚያ አገር ዘበኛን ጋፊር ይሉታል። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዲቁና ሳይደርስ ትምህርቱን ጥሎ ቢኮበልልም ቀን አወጣጡ ግን ከጭንቅላቱ አልወጣም። የፋሲካን መዋያ በጣቶቹ አንጓ ቆጥሮ ይነግርሃል፤ አበቅቴና መጥቅዕን እንደ ሰፈር ልጆች ስም ይጠራቸዋል። ከአጥር ማዶ ባለው ቤት ወጥ የምትሠራው ዘርፈሽ «ባሕረ ሐሳብ» የሚል ስም ያወጣችለት ለማሾፍ ነበር። እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለውና ሰፈሩም በዚያው ለመደው። በቀን ጉዳይ የተከራከረውን ሰው አይምርም። አንድ ጊዜ የጾመ ነቢያትን መግቢያ በአንድ ቀን የሳተ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብሎ «ሂድና ስትማር ተመለስ» ብሎታል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን ከሱ አይታጣም።

የሰው ቀን ሁሉ በእጁ የሆነው ያረጋል የራሱን አንድ ቀን ግን አያውቅም ነበር፤ አገሩ የሚገባበትን። በ1997 ዓ.ም. መተማን ተሻግሮ ሲመጣ ለባለቤቱ ለእጅጋየሁ «ለመስከረም እመለሳለሁ» ብሏት ነበር። መስከረሙ ሲደርስ ለፋሲካ ሆነ፤ ፋሲካው ደግሞ ለከርሞ ተላለፈ። ባሕር ዳር ትቷት የመጣት አንድ ልጁ ሐመልማል ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጥርሷ ፍንጭት፣ ጉልበቷ ከመውደቅ ብዛት ሁልጊዜ የተላላጠ። የስምንተኛ ክፍል ፎቶዋ ተልኮለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ድምፅዋን ይሰማል፤ በሐሳቡ የሚያያት ግን ያችኑ ጉልበተ ቁስል ልጅ ነው። ፓስፖርቱ ደግሞ ወረቀት አስጨራሽ በሆነ አንድ ሲምሳር እጅ ገብቷል። ሲምሳር ማለት የኛው ደላላ ነው። ያረጋል የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ መቼ ታድሶ እንደሚወጣ በጠየቀው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።» ነገ ማለቱ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መሐል እጅጋየሁ ደወለች።

«ሐመልማል ልትዳር ነው» አለችው።

«ማን? የኛዋ?»

«ሌላ ሐመልማል አለችህ እንዴ?»

ያረጋል ከጥያቄ ሁሉ የሚያውቀውን ጠየቀ።

«መቼ?»

«ለዳግማ ትንሣኤ።»

«ግንቦት አራት» አለ ሳያስበው።

«ቀኑንማ አላጣሁትም» አለች እጅጋየሁ ድምፅዋ እየተሰባበረ። «ያጣሁት አንተን ነው። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ የናትና የአባቷን ጉልበት ስማ ተመርቃ ነው የምትወጣ። የኔን ስማ ዞር ስትል ባዶ ወንበር ልትስም ነው?»

በማግስቱ ያረጋል ሲምሳሩ ዘንድ ሄዶ ለመነ፤ ተቆጣ፤ እንደገና ለመነ። ቡክራ ተባለ። ፋሲካ እየቀረበ ሲመጣ ቡክራው እንደማይደርስለት ተረዳና ተስፋ ቆርጦ ለቤቱ ደወለ። ያን ጊዜ ስልኩን የተቀበለው ሻምበል የሚባለው ሙሽራው ነበር። ሻምበል ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ፣ ትሑት ልጅ ነው።

«አባባ፣ አይጨነቁ» አለው። «እኛ ወንበርዎ ላይ ኮምፒውተር እናስቀምጣለን። እርስዎ እዚያ ስካይፕ ይጫኑ። ፊት ለፊት እየተያየን ይመርቁናል።»

ያረጋል «ይጫኑ» የሚለውን ቃል እንደ ቀላል ነገር ሰማው። ኮምፒውተርማ ነበረው።

ኮምፒውተሩን የሰጠው የሲት ሱዓድ ልጅ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር መሐንዲስ ሆኖ የሚሠራው ይህ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ አሮጌ ላፕቶፑን «ላንተ ይሁን፣ መዝሙር ስማበት» ብሎ ትቶለት ሄደ። ላፕቶፑ የሚሠራው በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ በሚገኘው በሊኑክስ ነበር። ልጁ ዓላማ አለኝ የሚል ዓይነት ነውና ሲሰጠው ቃል አስገብቶታል፤ ገበያ ላይ በዲስክ የሚሸጠውን የተሰረቀ ዊንዶውስ እንዳይጭንበት፣ ሐራም ስለሆነ። ያረጋል ሊኑክስ ምን እንደሆነ ባያውቅም ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማለ።

ላፕቶፑን እንደተረከበ የመጀመሪያ ሥራው ቀኑን ማስተካከል ነበር። ጥጉ ላይ 2013 ይላል። ምን አገባው 2013? አገላብጦ ቀን የሚሞላበትን ቦታ አገኘና ወሩን በኛ ቁጥር፣ ቀኑን፣ 2005ን አስገባ። ሰዓቱንም እንደኛ አደረገው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት እንዲል። ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ በራሱ ሥልጣን ወደ 2013 ይመለስበት ጀመር። ያረጋል ይህ ድፍረት ከምን እንደመጣ ሲመረምር «ራሱ ያስተካክል» የምትል ምልክት አገኘና አጠፋት። እሑድን ረቡዕ ብሎ ሲያስቸግረውም የዕለቱን ስም ከነጭራሹ ደበቀው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ሰው ሆነ። የቀረችው አንዲት ሥጋት ብቻ ናት። ወሮቹን ቢቆጥር አሥራ ሁለት፤ መልሶ ቢቆጥር ያው አሥራ ሁለት። «ጳጉሜን የለውም!» ብሎ ለዘርፈሽ ነገራት፣ አንድ እግር የጎደለው በግ እንደገዛ ሰው።

ዓርብ፣ ማለት ሠርጉ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስካይፑን ሊጭንለት ቢኒያም መጣ። ቢኒያም ካላክላ ውስጥ የሞባይል መጠገኛ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሊቢያ እሄዳለሁ ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። በኪሱ የኢንተርኔት ሞደም፣ በአፉ ደግሞ የማይሆን ነገር እንደሌለ የሚናገር እርግጠኝነት ይዞ ነበር።

«ለዚህ ነው እንዴ የጠሩኝ ጋሽ ያረጋል? አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳንጠጣ ያልቃል» አለ።

ስድስተኛው ብርጭቆ ላይ ላብ ያጠምቀው ጀመር። «ጫን» የሚለውን ይነካል፤ ኮምፒውተሩ ያስባል፤ ያስባል፤ ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ይተፋል። መጀመሪያ ያለውን አፕዴት ሳታደርጉ አዲስ አልጭንም አለ። አፕዴት አድርግ ሲሉት ይህኛው ያንን ይፈልጋል፣ ያኛው ደግሞ ይህን ይፈልጋል አለ።

«ይሄ ነገር ኢቃማ ነው» አለ ያረጋል። «ኢቃማ ለማውጣት የሥራ ወረቀት አምጣ፣ የሥራ ወረቀት ለማውጣት ኢቃማ አምጣ ይሉህ የለ!»

ቢኒያም ጽሑፉን እየጎተተ አነበበና ግንባሩን ቋጠረ።

«ገና ነው ይላል።»

«ምኑ ነው ገና?»

«እኔ እንጃ። የመጣው ምስክር ወረቀት ገና አልጸናም፣ ጊዜው አልደረሰም ነው የሚለው።» ከዚያ ፊቱ በራ። «አሃ! ማዕቀቡ ነው! ለሱዳን ገና አልተፈቀደም ማለቱ ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ሱዳን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች። ኢንተርኔት ላይ ካለው በር ግማሹ «ባሉበት አገር አይገኝም» ብሎ ይዘጋ ነበርና ካርቱም ውስጥ አንድ ነገር አልጫን ካለ ጥፋተኛው ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። ሁሉም በማዕቀብ ያሳብባል፤ ማሽን ያልገባውም፣ የሰነፈውም። ቢኒያም ግን ሰነፍ አልነበረም። «ኮምፒውተሩን ጀርመን ያለ እናስመስለዋለን» አለና የሆነ ነገር ነካካ።

«ጀርመን?» አለ ያረጋል ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ያለ ፓስፖርት?»

«እሱ ፓስፖርት አይጠየቅም።»

ያረጋል ላፕቶፑን በቅናት አየው። እሱ ስምንት ዓመት ሙሉ መተማን መልሶ መሻገር ያቃተው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ይህ አሮጌ ቆርቆሮ በሻይ ሰዓት ጀርመን ደርሶ ተመለሰ። መመለሱ ደግሞ ባዶ እጁን ነው፤ ጀርመንም ሄዶ የተባለው ገና ነው።

«ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ …» አለ ቢኒያም።

«ምያለሁ» አለ ያረጋል።

ቅዳሜ ከሶባ ሰፈር ጋሽ ገብረየስ ተጠሩ። ጋሽ ገብረየስ ካርቱም ውስጥ የሸበቱ ሰው ናቸው። የማኅበረሰቡን ልጆች ኮምፒውተር ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር እንደ ሃይማኖት የሚወዱ ናቸው። ያን ዕለት ሐቡብ ተነሥቶ ነበር፤ ከተማውን ቀይ አቧራ ውጦት ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቆሞ ዋለ። ሲደርሱ ከዓይናቸው በቀር ያልቀላ የላቸውም። ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ላፕቶፑን ከቢኒያም ተቀበሉና የተሳሉትን ሥዕሎች ሁሉ ዘግተው አንድ ጥቁር መስኮት ከፈቱ።

«በዚህ ነው እንጂ!» አሉ። «ያረጋል፣ ፓስወርድህን ጻፍ።»

ያረጋል ጻፈ። ምንም አልታየም። ጠበቅ አድርጎ ጻፈ። ምንም።

«ጋሽዬ፣ ፊደሉ ሞቷል።»

«አልሞተም፤ ፓስወርድ ሲጻፍ አያሳይም። ጻፍ ብቻ።»

«የማላየውን እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?» ቢልም ጻፈ። ጥቁሩ መስኮት ጽሑፍ ማዝነብ ጀመረ። ጋሽ ገብረየስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ተጠግተው ያነብባሉ። የፋይሎቹ ፊርማ ሊታመን አልቻለም ይላል። ያረጋል ፊርማ የሚለውን ሲሰማ ሆድ ባሰው፤ በሰው አገር ፊርማው ያልተጠረጠረበት ቀን የለምና።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ፊርማው የተፈረመው ወደፊት ባለ ቀን ነው ይላል። ምናልባት ሰዓታችሁ ተበላሽቶ ይሆናል፣ እዩት እያለ ነው።»

ሦስቱም ሰዎች ወደ ስክሪኑ ጥግ አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ገብረየስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእጅ ሰዓታቸው ጋር አስተያዩ።

«ስምንት ሰዓት ከሃያ» አሉ። «እዚህም ስምንት ከሃያ። ግንቦት ሦስት፣ 2005። ልክ ነው!»

«ልክ ነው» አለ ቢኒያምም።

«እኔ ባለሁበት ቤት ቀን ሊሳሳት?» አለ ያረጋል ደረቱን ነፍቶ። «የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። ፈረንጅ መቼ ቀን ያውቃል?»

ጋሽ ገብረየስ በነገሩ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። የላኪዎቹ ሰዓት ተበላሽቷል፤ ያስተካክሉት ይሆናል፤ ነገ እንሞክራለን አሉ። ሐቡቡ ጋብ ሲል ወደ ሶባ ሄዱ። ያረጋል በሩ ላይ ተቀምጦ፣ በቀስታ የሚወርደውን አባይ እያየ ከራት ፊት ምርቃቱን ተለማመደ። ለወንበር ሲያወራ ዘርፈሽ ከአጥር ማዶ ሰማችው። ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የሚበቃ ማሾፊያ ይሆናት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንጀቷን በላት መሰለኝ ዝም አለች።

እሑድ፣ ዳግማ ትንሣኤ። ሙሽራዋ ከቤቷ የምትወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ላይ እጅጋየሁ ደወለች።

«ወንበሩን አኑረነዋል» አለች። «ጋቢም አልብሰነዋል። ከሩቅ ላየው አንተን ይመስላል። አሁን የቀረው ፊት ነው።»

«ፊቱ እየመጣ ነው» አለ ያረጋል።

ፊቱ ግን አልመጣም። ቢኒያም ወደ ጀርመን ልመለስ ይላል፤ ጋሽ ገብረየስ ጥቁሩን መስኮት አልለቅም ይላሉ። ዘርፈሽ ወጧን ጥዳ መጥታ «ዝም ብላችሁ ብታጠፉትና ብትከፍቱትስ?» ትላለች። እንዳለችው አጥፍተው ከፈቱት። ገና ነው አለ። «ቃልህን ተውና ዊንዶውስ እንጫንበት!» ብሎ ቢኒያም ሲጮህ፣ «ሠርግ ቀን መሐላ ላፍርስ?» ብሎ ያረጋል ሲጮህ፣ ጋሽ ገብረየስ ሁለቱንም ሲገሥጹ፣ የዋናው ቤት በር ተከፈተ።

ሲት ሱዓድ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ነጭ ቶባቸውን እየሰበሰቡ፣ በከዘራቸው ደረጃውን እየቆረቆሩ ወረዱ። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ዝም ሲሉ እንኳ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

«ዳ ሺኑ? ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። «ገበያ ነው ወይስ ቤቴ ነው?»

ያረጋል በዐረብኛው ላይ እንባ እየጨመረበት ነገሩን ነገራቸው፤ የልጁን ሠርግ፣ ጋቢ የለበሰውን ወንበር፣ ማዕቀቡን፣ ቀን የማያውቁትን ፈረንጆች። ሲት ሱዓድ እጃቸውን ዘረጉ፤ ላፕቶፑን አቀረቡላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያረጋል፣ ልጄ ይሄን ኮምፒውተር የገዛው ዶሓ ሥራ የጀመረ ጊዜ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው።»

«አዎ፣ ሲት ሱዓድ።»

«ታዲያ እዚህ 2005 የሚለው እንዴት ነው? በ2005 ይሄ ኮምፒውተር አልተወለደም።»

«2005 ነዋ!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

ሲት ሱዓድ መነጽራቸውን አወለቁ። ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። «ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?»

«2005!»

«ሦስታችሁም?»

«አራታችንም» አለች ዘርፈሽ፣ ሰው የተነካባት መስሏት ወገቧን ይዛ።

ሲት ሱዓድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እብደቱ ከሻዩ ይሁን ከሙቀቱ የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ገብረየስ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ የጫኑት።

«ወይኔ ገብረየስ!» አሉ። «ወይኔ! በኛ ቀን ነው! እኔ አሮጌው፣ በኛ ቀን መሆኑን እያየሁ ልክ ነው አልሁ እኮ! ፋይሉ የዘንድሮ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሆኖ ነው የሚቀበለው። ገና ያልተፈረመ ወረቀት የመጣለት መስሎት ነው ገና የሚለው!»

ቢኒያም መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሳቁ ተጋባ፤ ዘርፈሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ተንፈቀፈቀች። ያልሳቀው ያረጋል ብቻ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሰፈሩን ሁሉ ቀን ሲያድል የኖረ ሰው፣ ልጁን ሊያሳጣው የነበረው ቀን መሆኑን መቀበል አቃተው።

«ቀኑ ልክ ነው» አለ በቀስታ።

«ልክ ነው» አሉ ሲት ሱዓድ፤ ጋሽ ገብረየስ ነገሩን በዐረብኛ አስረድተዋቸው ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ለናንተ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያወራው ከሌላው ዓለም ጋር ነው። ደግሞ 2005 በኛ ቁጥር ምን ዓመት እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ መጀመሪያ እዚህ በር ላይ የቆምህበት ዓመት ነው። ጢምህ ጥቁር ነበር፤ ለመስከረም እመለሳለሁ ብለኸኝ ነበር።»

ያረጋል ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረገ። ቢኒያም «እኔ ላድርገው ጋሽዬ» ቢለው አልሰጠውም፤ ያበላሸሁት እኔ፣ የማቃናውም እኔ አለ። የዓመቱን ቁጥር አንድ በአንድ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። ስድስት። ሰባት። በዚህ ዓመት እናቱ ሞታ ቀብሯ ላይ አልቆመም። ስምንት። ዘጠኝ። በዚህ ዓመት ቤቱ ጣራው ተቀየረ፣ እሱ አላየውም። ጣቱ እየከበደው ሄደ። ከዚህ በፊት ዓመቶቹን ቆጥሯቸው አያውቅም ነበር፤ ሌሎቹን ቀኖች ሲቆጥር እነሱ በጎን አልፈውታል። 2013 ሲደርስ ሲት ሱዓድ ቀኑንና ሰዓቱን ነገሩት፤ አስገባ። «ራሱ ያስተካክል» የምትለዋንም መልሶ አበራት።

ጋሽ ገብረየስ ጥቁሩን መስኮት ከፈቱ። ያረጋል የማይታየውን ፓስወርድ ጻፈ። ጽሑፉ ይወርድ ጀመር፤ ቀይ የለበትም። ወረደ፣ ወረደ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲጠብቅ የነበረ ሁሉ ተግተልትሎ የገባ ይመስል ነበር። ሞደሙ ሲያዘግም ቢኒያም በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞት ግቢውን ሲዞር፣ ዘርፈሽ ወጧ አርሮ ሽታው እስኪመጣ ድረስ አልተነቃነቀችም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስካይፕ ተጫነ። ደወለ።

ሥዕሉ ተቆራርጦ፣ ተንቀጥቅጦ መጣ። ዳስ። የተነጠፈ ቄጠማ። ከዚያ አንዲት ሴት፤ ቀጥ ያለች፣ ቀይ ዳማ፣ ግንባሯ ሰፊ። ያረጋል ያየው ፊት ወደ መተማ ሲሸኘው ያለቀሰው ፊት ነው። አንዳች አልተለወጠም።

«እጅጋየሁ!» ብሎ ጮኸ። «እጅጋየሁ፣ ምንም አላረጀሽ!»

ከጎን በኩል አንዲት ሻሽ ያሰረች፣ ከጆሮ ግንዷ ሽበት የወጣላት ሴት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች።

«እጅጋየሁስ እዚህ ነኝ» አለች። «ያቺ ልጅህ ናት።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያረጋልም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ ሊደብቀውም አልሞከረ። ጥርሰ ፍንጭቷን ፈለገ። ስትስቅ አገኛት፤ ፍንጭቷ አለች።

«አባዬ፣ ሸብተሃል» አለችው ሐመልማል።

ከዚያ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና ጋቢ የለበሰውን ወንበር እግሮች፣ የአባቷ ጉልበት ይሆን ነበር ብላ ያሰበችውን ቦታ፣ ሳመችው። ያረጋል የተለማመደው ምርቃት ሁሉ ጠፋው። አፉን ሲከፍት በትክክል ሙሽራዋ ፊት ላይ አንድ ሳጥን ተደቅኖ ሸፈናት።

«ምንድን ነው? ምን ሆነች?»

«ኮምፒውተሩ ነው!» አለ ቢኒያም። «አፕዴት ጨርሻለሁ፣ አሁኑኑ ልጥፋና ልነሣ ይላል!»

«አሁን?» አለ ያረጋል። «ቡክራ በለው! ቡክራ!»

ቢኒያም ተስፈንጥሮ «በኋላ» የሚለውን ነካ። ሳጥኑ ጠፋ። ሐመልማል እንደተንበረከከች ነበረች።

«ወልደሽ ሳሚ» አለ ያረጋል። «ልጆችሽን አጠገባቸው ሆነሽ አሳድጊ። ባልሽ ካጠገብሽ አይራቅ።» ሌላ አልመጣለትም፤ ደግሞም የሚጨመር አልነበረም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው አሜን አለ። በማንሺያው በር ላይም ጋሽ ገብረየስ፣ ቢኒያምና ዘርፈሽ አሜን አሉ፤ አማርኛ የማይሰሙት ሲት ሱዓድም አብረው አሉ።

በዚያ ሳምንት ከጎረቤት ቪላ የመጣች አንዲት ልጅ በሩን አንኳኩታ «ጋሽ ያረጋል፣ ዛሬ ስንት ነው?» አለችው። ያረጋል የኛን ነገራት፤ ሳትጠይቀውም የፈረንጁን ጨመረላት። ልጅቷ አሞት ይሆን ብላ ለዘርፈሽ አወራች።

ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሲምሳሩ ዘንድ ሄደ። ሲምሳሩ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አለው። ሌላ ጊዜ ያረጋል አመስግኖ ይወጣ ነበር። ያን ቀን ቆመ።

«ቡክራ ስንት ቀን ነው?» አለ።

«ነገ ነዋ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አለና ሲምሳሩ ሳቀ።

«ነገ አላልኩም። ቁጥሩን ንገረኝ። ከፈለግህ በሂጅራ፣ ከፈለግህ በፈረንጅ ንገረኝ። ወደኛ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

ይህን አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።